ያልተናደ ተዳፋት ምስክር አይሆንም

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ከተዘጋጁና በጠባቂ ከሚጠበቁ የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ሜዳዎች ውጭ፣ በብርድ ወራት በረዶ በለበሱ ተራሮች ላይ ስለሚጓዙ ሰዎችና ስለሚያሰጋቸው የበረዶ ናዳ ነው። ጎርፍም ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰውን ካለበት ድረስ መጥቶ ያገኘዋል። ለመዝናናት ተራራ የወጣውን ሰው የሚገድለው የበረዶ ናዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የመጣ አይደለም፤ ከ10 አደጋዎች በ9ኙ ገደማ ናዳውን የቀሰቀሰው ራሱ ተጎጂው ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ይህ ቁጥር መጀመሪያ ሲሰማ ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ምክንያቱም በሰው ውሳኔ የሚመጣ አደጋ በሰው ውሳኔ ሊቀር ይችላል። ችግሩ ተራራው የተሳሳተን ውሳኔ ወዲያው የማይቀጣ መሆኑ ነው። አንድ ሰው በአደገኛ ተዳፋት ላይ ደጋግሞ ወርዶ በሰላም ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ በሰላም መግባቱ ግን ተዳፋቱ ጽኑ እንደነበር አይመሰክርም። ዛሬ በዝርዝር የማነሣው ነገር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

በቀደሙት ዘመናት የናዳ ሰለባ የነበሩት በአብዛኛው መንገደኞች፣ ወታደሮች፣ የባቡር ሠራተኞችና የተራራ መንደር ነዋሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1910 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ፣ በበረዶ ታግተው ለቀናት የቆሙ ሁለት ባቡሮችን ናዳ ጠራርጎ ወደ ሸለቆ ሲጥላቸው 96 ሰዎች ሞቱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በዲሴምበር 1916፣ ዛሬ በጣሊያን በሚገኘው በማርሞላዳ ተራራ ላይ የሰፈሩ የኦስትሪያ ወታደሮችን ሰፈር ናዳ ውጦት በመቶዎች የሚቆጠሩ አለቁ። በቅርቡ እንኳ፣ በፌብሩዋሪ 1999፣ በኦስትሪያ ጋልቱር መንደር 31 ሰዎች ሲሞቱ፣ በ2010 ደግሞ በአፍጋኒስታን የሳላንግ መተላለፊያ ተከታታይ ናዳዎች ከ160 በላይ መንገደኞችን ገድለዋል። እነዚህ ሰዎች የሚቀሰቅሱት ነገር አልነበረም፤ በረዶው በራሱ ክብደት ተንዶ መጣባቸው። የአልፕስ አገሮች ከእንዲህ ዓይነቱ እልቂት ተምረው ከመንደሮች በላይ የብረት አጥሮች ተከሉ፣ በመንገዶች ላይ መከለያ ሠሩ፣ የቤት መሥሪያ ቦታዎችን በአደጋ ደረጃ ከፋፈሉ፣ በረዶ ሲከማችም መንገድ ይዘጋሉ ወይም ናዳውን በፈንጂ አስቀድመው ያወርዱታል። ዛሬ በአውሮፓ በየዓመቱ በአማካይ 100 ገደማ ሰዎች በበረዶ ናዳ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በራሳቸው ፈቃድ ተራራ የወጡ ናቸው። እነዚህን ሰዎች የሚጠብቅ አጥርም ሆነ የሚመልስ ኬላ የለም፤ ያላቸው ጠባቂ የራሳቸው ዕውቀትና ፍርድ ብቻ ነው።

ገዳዩን ናዳ ለመረዳት በረዶው እንዴት እንደሚከማች ማወቅ ያስፈልጋል። በተራራ ላይ ያለ በረዶ አንድ ወጥ ክምር አይደለም። እያንዳንዱ ማዕበል፣ እያንዳንዱ ነፋስ፣ በመካከሉም የሚመጣው ብራ ሰማይና ውርጭ የየራሱን ንብርብር ጥሎ ያልፋል፤ ቆፍሮ ለሚያይ ሰው ግድግዳው የወቅቱን የአየር ጠባይ ከታች ወደ ላይ መዝግቦ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ንብርብር ጠንካራና የተያያዘ ነው፤ አንዳንዱ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ያልተጣበቁ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ነው። የተያያዘው ንብርብር በላይ፣ ደካማው በታች ሲሆን ተዳፋቱም በቂ ቁልቁለት ካለው፣ ለናዳ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጎድለው ቀስቃሽ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይህንን ዓይነት «የንጣፍ ናዳ» ይሉታል፤ የላይኛው ንጣፍ እንዳለ ተሰንጥቆ፣ ሰውየውን ከነቆመበት ይዞ ስለሚወርድ፣ ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ይኸው ነው። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ የሚወርደው ልል በረዶም ሰውን ከገደል ሊጥል ይችላል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከሰውየው በታች ስለሚጀምር የሚያደርሰው ጉዳት ያነሰ ነው።

ደካማው ንብርብር እንዴት እንደሚወለድ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ ምክንያቱም ይህን የተረዳ ሰው የአየር ጠባይን ከወትሮው በተለየ ዓይን ማየት ይጀምራል። በበረዶ የተሸፈነ መሬት ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢሆንና የበረዶው ውፍረት 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በዚያች ግማሽ ሜትር ውስጥ የ20 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ በአንድ ሜትር ሲሰላ 40 ዲግሪ ይመጣል። በአንድ ሜትር 10 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲኖር ደግሞ የውኃ ተን ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው በፍጥነት እየተጓዘ የበረዶ ፍሬዎቹን መልሶ ይሠራቸዋል፤ ክብነታቸው ጠፍቶ ማዕዘናም፣ የሚያብረቀርቁ፣ በእጅ ሲዘገኑ እንደ ስኳር በጣቶች መካከል የሚፈሱ ይሆናሉ። በወቅቱ መጀመሪያ ትንሽ በረዶ ወርዶ ረጅም የብራ ጊዜና ብርድ ከተከተለው፣ ይህ የላላ በረዶ ከመሬት አጠገብ ተሠርቶ ይቆያል፤ በኋላ በላዩ የሚወርደው ሁሉ የተደላደለ መስሎ የሚያርፈው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ በወቅቱ መጀመሪያ የጣለው በረዶ ትንሽ መሆኑ አደጋውን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ስስ በረዶና ብርቱ ብርድ አንድ ላይ ሲመጡ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ደካማ መሠረት ያኖራሉ።

ሁለተኛው ዓይነት አመዳይ ነው። ሰማይ ጠርቶ፣ ነፋስ ጋብ ብሎ፣ አየሩ እርጥበት ባለው ሌሊት የበረዶው ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በአየር ውስጥ ያለው ተንም በገጹ ላይ ስስ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ክንፍ መሳይ ቅጠሎች ሆኖ ያድጋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ከዚህ የሚያምር ነገር በተራራ ላይ የለም፤ ሰዎች ፎቶ ያነሡታል፣ በስኪ ሲሄዱበትም ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ነፋስ ወይም ሙቀት ካላጠፋው ግን ቀጣዩ በረዶ ቀስ ብሎ ያለብሰዋል፤ ያኔ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ከላይ ሆኖ የማይታይ ስስ ንብርብር ሆኖ በሁለት ጠንካራ ንብርብሮች መካከል ይተኛል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ አመዳይ ተጠብቆ የሚቆየው ነፋስ በማይደርስባቸው፣ ሰዎች «እዚህስ አያሰጋም» በሚሏቸው የጫካ መካከል ገላጣ ቦታዎችና ጥላ ባላቸው ተዳፋቶች መሆኑን ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ንጣፍ ላይ ሰው ሲቆም ምን ይሆናል? የሰውየው ክብደት በረዶውን ዘልቆ ደካማውን ንብርብር በአንድ ቦታ ላይ ያደቅቀዋል። ያ ትንሽ ስብራት ከተወሰነ ስፋት ካለፈ በራሱ ይሮጣል፤ በላይ ያለው ንጣፍ ወደ ተደቀቀው ቦታ ዝቅ ሲል አጠገቡ ያለውን ንብርብር ይሰብራል፣ ያም ሌላውን፤ በሰከንድ አሥር አሥር ሜትሮችን እያቋረጠ በተዳፋቱ ሁሉ ይዳረሳል። ከዚያ በኋላ ነው ንጣፉ ከላይ በኩል ተቀዶ መንሸራተት የሚጀምረው። በዚህም የተነሣ ሜዳ በሆነ ቦታ የቆመ ሰው ከበላዩ ያለውን ተዳፋት ከርቀት ሊያወርደው ይችላል። አንዳንዴ ከእግር ሥር ታፍኖ የሚሰማው «ዉምፍ» የሚል ድምፅ የዚሁ ስብራት ድምፅ ነው፤ መሬቱ ሜዳ በመሆኑ ብቻ አልተናደም። ያንን ድምፅ የሰማ፣ ወይም ከስኪው ፊት ስንጥቅ ሲሮጥ ያየ፣ ወይም በአቅራቢያው አዲስ የተናደ ተዳፋት የተመለከተ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ ሊጠብቅ አይገባም።

ከዚሁ ጋር አንድ ሰፊ እምነት ላርም። ጩኸት ናዳ ያወርዳል የሚባለው እውነት አይደለም። የሰው ድምፅ በበረዶው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ደካማውን ንብርብር ለመስበር ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከጓደኞቻችሁ ጋር በተራራ ላይ ጮክ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ያለመነጋገር የገደላቸው ሰዎች አሉና።

በደካማው ንብርብር ላይ ጭነት የሚጨምሩት በዋናነት አዲስ በረዶና ነፋስ ናቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ንቁ መሆን ይገባል፤ በረዶው በሚወርድበትና ካቆመ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ አደጋው ይበረታል። ብዙ ሰው ግን ከማዕበሉ ማግስት፣ ሰማዩ ጠርቶ ተራራው ነጭ ሆኖ ሲያበራ ለመውጣት ይቻኮላል፤ የሚያሳዝነው ይኸው ነው። ነፋስ ደግሞ ሰማይ ምንም ሳያወርድ ከተራራው አንድ ጎን በረዶ ጠርጎ በማዶው ላይ ሊከምር ይችላል፤ የሚከምርበትም ፍጥነት ከሰማይ ከሚወርደው አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ነፋሱ የሚያመጣቸው ፍሬዎች ተሰባብረው ስለሚጠቀጠቁ ጠንካራ ንጣፍ ይሠራሉ። ከሸንተረር ጀርባ ለስላሳ፣ ወፍራምና የተነፋ የሚመስል በረዶ የተኛበት፣ ሲረገጥም ባዶ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ የነፋስ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ተዳፋቱ ቁልቁለት ልምጣ። በረዶው በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ውስጡም አይታይም። የመሬቱ ቁልቁለት ግን አይለዋወጥም፣ ይለካል፣ በካርታ ላይም አስቀድሞ ይታያል። የንጣፍ ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ በጣም የሚበዛው 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ30 በታች የመነሣቱ ዕድል በፍጥነት ይቀንሳል፣ ከ25 በታች ደግሞ እምብዛም አይነሣም። ከ60 በላይ በሆነው ገደል በረዶው እየተራገፈ ስለሚወርድ ንጣፍ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ስኪ የሚወድ ሰው የሚፈልገው ቁልቁለትና ናዳ የሚነሣበት ቁልቁለት አንድ መሆናቸው የዚህ ሁሉ ጭንቅ ሥር ነው።

ዓይን ቁልቁለትን በመገመት ረገድ ደካማ ነው፤ ከታች ሆኖ ሲያይና ከላይ ሆኖ ሲያይ የተለያየ ነገር ይነግራል፣ ሰው ለመውረድ በጓጓ መጠንም ወደሚፈልገው ያዘነብላል። ስለዚህ መለካት ነው የሚበጀው። የስኪ ዘንጋችሁን በተዳፋቱ ላይ ወደ ታች አስተኙት፣ በላዩ ላይ ትንሽ የቁልቁለት መለኪያ ወይም ይህን የሚያሳይ መተግበሪያ ያለበትን ስልክ አኑሩ፣ ቁጥሩን አንብቡ። ሥራው ከግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከቤት ሳትወጡ ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ የሆኑ ተዳፋቶችን በቀለም የሚያሳዩ ዲጂታል ካርታዎች አሉ፤ በስዊዘርላንድ ካርታዎች ለምሳሌ ከ30 እስከ 35 ያለው በቢጫ፣ እስከ 40 ያለው በብርቱካናማ፣ እስከ 45 ያለው በቀይ ይቀባል። ሆኖም ትንንሽ ገደላገደሎች ከካርታው ሊያመልጡ ስለሚችሉ ካርታው መሬት ላይ መለካትን አያስቀርም። ሌላው ጥያቄ የቆምኩበት ብቻ ሳይሆን ከበላዬ ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ 15 ዲግሪ በሆነ ለጥ ያለ ሸለቆ ውስጥ የሚጓዝ ሰው ከበላዩ 40 ዲግሪ ተዳፋት ካለ በናዳ መንገድ ላይ ነው። ከበታቹም ጠባብ የወንዝ ጉድጓድ፣ ድንጋያማ ገደል ወይም ዛፎች ካሉ፣ በሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ተንከባሎ የሚተርፍበት ትንሽ ናዳ እዚያ ይገድላል።

«ቆፍረን አንመረምርም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይመረመራል፤ ጠቃሚም ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ እንዲህ ይሠራል፦ በበረዶው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ወደ ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዓምድ ከዙሪያው በመጋዝና በገመድ ይለያል። የአካፋው ምላስ በዓምዱ አንድ ጫፍ ላይ ተጋድሞ መጀመሪያ ከእጅ አንጓ 10 ጊዜ፣ ከዚያ ከክርን 10 ጊዜ፣ በመጨረሻም ከትከሻ 10 ጊዜ ይመታል። የሚታየው ስንጥቅ መነሣቱ ብቻ አይደለም፤ ከተመታው ጫፍ ተነሥቶ 90 ሴንቲ ሜትሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማቋረጡ ነው። ካቋረጠ፣ በተዳፋቱም ላይ እንዲሁ ሊሮጥ እንደሚችል የሚያመለክት ብርቱ ምልክት ነው። ካላቋረጠስ? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያሻው። በረዶው በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይለያያል፤ በድንጋይ አጠገብ በሳሳበት ቦታ ደካማው ንብርብር ለሰው ክብደት ቅርብ ይሆናል። ዘጠኝ ሰዎች ወፍራም በሆነው በኩል በሰላም ካለፉ በኋላ አሥረኛው በሳሳው በኩል ረግጦ ተዳፋቱን በሙሉ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ መጥፎ ውጤት ሐሳባችንን ሊያስቀይረን ይገባል፤ ጥሩ ውጤት ግን ትናንት ማታ «አንወጣበትም» ያልነውን ተዳፋት ዛሬ እንድንወጣ ፈቃድ ሊሰጠን አይገባም።

በብዙ የተራራ አገሮች የናዳ ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ይወጣል። በዳቮስ የሚገኘው የስዊዘርላንድ የበረዶ ምርምር ተቋም ይህን ሥራ የያዘው ከ1940ዎቹ ጀምሮ ነው። የአውሮፓ አገሮች ከ1993 ጀምሮ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ 1 ዝቅተኛ፣ 2 መጠነኛ፣ 3 ጉልህ፣ 4 ከፍተኛ፣ 5 እጅግ ከፍተኛ። ሰው 3ን ሲያይ «መካከለኛ» ብሎ ያነባታል፤ ከአምስት ሦስት ናትና። ደረጃዎቹ ግን እኩል እርምጃ የላቸውም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በ3ኛ ደረጃ ቀን በብዙ ተዳፋቶች ላይ አንድ ሰው ብቻውን ናዳ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ሞት የሚመዘገበውም በዚሁ ነው። በ4ኛና በ5ኛ ደረጃ ቀን ተራራው ራሱ ያስፈራል፣ ናዳው በየቦታው ይወርዳል፣ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። በ3ኛ ደረጃ ቀን ግን ተራራው ጸጥ ይላል፣ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ብራ ይሆናል፣ አደጋው ቀስቃሹን እየጠበቀ ከገጹ ሥር ይቆያል። ከቁጥሯ በታች የተጻፈውን ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ችግሩ አዲስ በረዶ ነው ወይስ ነፋስ ያመጣው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ደካማ ንብርብር ነው ወይስ እርጥብ በረዶ፣ በየትኛው ከፍታና ወደ የት በሚያይ ተዳፋት ላይ ነው የሚለው ሁሉ እዚያ ይገኛል።

እርጥቡን በረዶ በአጭሩ ልለፈው፣ አሠራሩ ቀለል ያለ ነውና። በጸደይ ወራት ሌሊት የጠጠረው ገጽ በፀሐይ ሲላላና ውኃ ወደ ውስጥ ሲሰርግ በረዶው ኃይሉን ያጣል። መፍትሔው በሌሊት ተነሥቶ ጠዋት ወርዶ መጨረስ ነው። ሌሊቱ ደመናማ ሆኖ ገጹ ሳይጠጥር ካደረ ግን የሰዓት ስሌቱ አይሠራም፣ ጉዞው ይቀራል።

ወደ ሰው ልመለስ። ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በአገሩ ለመዝናናት በወጡ ሰዎች ላይ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ዕውቀት ማጣት ብቻውን አደጋውን እንደማያስረዳው ነው፤ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ግልጽ ምልክቶች እያሉ ገብተዋል። ያሳሳቷቸው ሌሎች ነገሮች ነበሩ፦ ቦታውን ስለሚያውቁት መተማመን፣ የተነሡለትን ጫፍ ሳይደርሱ መመለስ አለመፈለግ፣ በቡድኑ ውስጥ አዋቂ የሚመስለውን ሰው ዝም ብሎ መከተል፣ በሌሎች ፊት ደፋር ሆኖ መታየት፣ ሌላው ሳይቀድመን ያልተረገጠውን በረዶ እንርገጥ የሚል ጥድፊያ። ከእነዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው፣ ቦታውን ማወቅ የሚያመጣው መተማመን ነው። በሌላ ሙያ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ ይነገረዋልና ይማራል። በተራራ ላይ ግን ናዳ ሊያወርድ በተቃረበ ተዳፋት ላይ የወረደ ሰው የሚሰማው ደስታ ብቻ ነው፤ ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ቢሄድ ኖሮ እንደሚሞት የሚነግረው የለም። እንዲህ ያለ ዓመት ሲደጋገም ሰውየው ልምድ አካበትኩ ይላል፣ ሌሎችም ይከተሉታል። በተዳፋት ላይ የሚታይ የስኪ አሻራም እንደዚሁ ነው፤ ሰው ማለፉን ይናገራል፣ በረዶው ይጸናል ብሎ ግን አይናገርም።

ጥንቃቄው ሁሉ ሳይሠራ ቀርቶ ሰው ቢቀበርስ? ደረቅ ናዳ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ከሟቾች ወደ አንድ አራተኛ የሚሆኑት ከዛፍና ከድንጋይ ጋር በመላተም በሚደርስባቸው ጉዳት ይሞታሉ፤ የቀሩት የሚሞቱት በአብዛኛው ታፍነው ነው። በረዶው ሲቆም ወዲያው ይጠጥራል፣ የተቀበረው ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት 92 በመቶ ያህሉ ይተርፋሉ፤ 35 ደቂቃ ሲሞላ የሚተርፉት ወደ 30 በመቶ ይወርዳሉ። በኋላ የወጡ ጥናቶች ያችን የመጀመሪያ ዕድል ወደ 10 ደቂቃ አሳጥረዋታል። ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ ውስጥ እምብዛም አይደርስም። ሕይወት የሚያተርፉት በቦታው ያሉ ጓደኞች ናቸው።

ለዚህም እያንዳንዱ ሰው በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መፈለጊያ ሬዲዮ በሰውነቱ ላይ ታጥቆ፣ መመርመሪያ ዘንግና የብረት አካፋ በቦርሳው ይዞ መውጣት አለበት፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብዙ አይረዱም። ስልክ ከሬዲዮው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ፍለጋ ሲጀመር ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ምልክቱን ያዛባልና። ምልክቱ በጣም የቀረበበት ቦታ ሲገኝ ዘንጉ በተዳፋቱ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ፣ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ እየዞረ ይተከላል፤ ሰው ሲነካ አይነቀልም፣ እዚያው ይቀራል። ቁፋሮው የሚጀመረው ከዘንጉ ላይ አይደለም፤ ከበታቹ፣ የቀብሩን ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ ወደ ጎን በመግባት ነው። ከፍለጋው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ይህ ቁፋሮ ሆኖ ሳለ ሰዎች ሬዲዮውን ብቻ ተለማምደው አካፋውን ይረሱታል። ገመዱ ሲሳብ ከቦርሳው ተነፍቶ ሰውን ከበረዶው በላይ ለማቆየት የተሠራ የአየር ከረጢትም ይረዳል፤ በ2014 የወጣ ጥናት በከባድ ናዳ ከተያዙት መካከል ሞትን ከ22 ወደ 11 በመቶ ዝቅ ማድረጉን አሳይቷል። ነገር ግን ከአምስት አንዱ ከረጢት ሳይነፋ ቀርቷል፣ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ገመዱን ስላልሳበ ነው፤ ከረጢቱም ሰውን ከገደል አያድነውም።

ስለዚህ የምመክረው ውሳኔው ከተራራው በፊት እንዲደረግ ነው። ማታ፣ ካርታው ተዘርግቶ፣ ማስጠንቀቂያው ተነቦ፣ «ነገ ከ30 ዲግሪ በላይ አንወጣም» ወይም «ወደ ሰሜን በሚያየው ተዳፋት አንገባም» የሚለው በግልጽ ይነገር፤ ለዚያው ቀን ለጥ ያለ ሁለተኛ መንገድም አብሮ ይመረጥ፣ አማራጭ የሌለው ሰው ለመመለስ ይቸገራልና። መውጫው ላይ የሁሉም ሬዲዮ አንድ በአንድ ይፈተሽ። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ማለፍ ግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይለፍ፣ ሌሎቹ ናዳ ከማይደርስበት ቆመው ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አይንቀሉ። በተራራ ላይ የሚታይ አዲስ ነገር የማታውን ዕቅድ የበለጠ ሊያጠብቀው ይችላል፤ ሊያላላው ግን አይፈቀድለትም። ከቡድኑ አንድ ሰው፣ በልምድ የመጨረሻው ቢሆን እንኳ፣ «እኔ እዚህ ላይ አልገባም» ካለ ምክንያት አይጠየቅም፤ ሁሉም በመጡበት ይመለሳሉ።